ስልክ ላይ ያለው ሪካርዶ የትኛው ነው? አሮጌ የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት መሰብሰብን ለተቸው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አሮጌ የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት የምንሰበስብ ሰዎችን የሚተች ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። መጽሐፉ ሁሉ በነጻ ስልክ ላይ አለ፤ ወረቀቱን መፈለግ ለታይታ ነው። ነገሩ የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ቤት ያሠራል። ኢኮኖሚክስ ሳይንስ ስለሆነ አሮጌው በአዲሱ ተሽሯል። የሰሜን ሸዋ ሰው መሰብሰብ ካማረው የመንዝንና የተጉለትን ብራና ይሰብስብ። አይ ብሎ የሚሰበስብ ካለ ደግሞ የተቀደደውን በፕላስተር ጠግኖ፣ አዲስ ልባስ አስጠርዞ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ያስቀምጥ። መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ ጨምረዋል፦ ያሉን መጻሕፍት ተሸጠው ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይገዛባቸው።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም። በቅን ልብ የተጻፈ ነው። ግን በአብዛኛው አልስማማበትም፤ ነገሩም ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም። በተራ ልመልስ።

«ስልክ ላይ አለ» ከሚለው ልነሳ። አዎ አለ። የትኛው እትም ነው ያለው?

እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዴቪድ ሪካርዶ ስለ ፖለቲካል ኢኮኖሚ (ኢኮኖሚክስ ያኔ የሚጠራበት ስም ነው) እና ስለ ግብር መርሆዎች የጻፈውን መጽሐፍ መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ሁለተኛው እትም በ1819 ወጣ። ሪካርዶ ያን ጊዜ የማሽን መምጣት ባለመሬቱንም፣ ባለካፒታሉንም፣ ሠራተኛውንም ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር። በ1821 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ግን አዲስ ምዕራፍ ተጨመረበት። ቁጥሩ 31፣ ርዕሱ ስለ ማሽን ነው። እዚያ ላይ ሐሳቡን መለወጡን በግልጽ ይናገራል። ሠራተኞች «ማሽን ይጎዳናል» የሚሉት ከጭፍን ጥላቻ ወይም ከስሕተት አይደለም፤ ከትክክለኛው የኢኮኖሚ መርሆ ጋር የሚሄድ ነው ይላል።

ይህ ለእኛ ከተማ የሩቅ ወሬ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ድሮ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ነበር። አሁን ከዳር እስከ ዳር ፋብሪካ ተተክሎባታል፤ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። የምናስተምራቸው ልጆች አባቶች ማሽን ፊት የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ማሽኑ ሥራ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለው ጥያቄ እራት ላይ የሚነሳ ነገር ነው። ሦስተኛውን እትም ብቻ ያነበበ ተማሪ 31ኛውን ምዕራፍ እንደማንኛውም ምዕራፍ ያልፈዋል። ሁለተኛውን አጠገቡ ያስቀመጠ ተማሪ ግን አንድ ትልቅ አሳቢ በጥቂት ዓመት ውስጥ በራሱ ሐሳብ ላይ ሲነሳ ያያል። ኢኮኖሚክስን እንደ ጸሎት ከመሸምደድ የሚያድነው ይህ ነው።

የሌላው እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት የማልተስ ደግሞ ይብሳል። ስለ ሕዝብ ብዛት የጻፈው ድርሰት በ1798 ሲወጣ ስሙ እንኳ የለበትም። ቁጥብና ኃይለኛ መጽሐፍ ነው። በ1803 በስሙ ሲያሳትመው ብዙ እጥፍ ወፍሮ መጣ። ሰው ራሱን ገትቶ ጋብቻውን ሊያዘገይ ይችላል የሚለውን ሐሳብም ያኔ ጨመረ፤ የመጀመሪያው ጨለማ ትንሽ ለዘብ አለ። ግን በዚያው እትም ውስጥ ሌላ አስደንጋጭ አንቀጽ አለ። ቤተሰቡ ሊያበላው ያልቻለ፣ ጉልበቱንም የሚፈልገው ያጣ ሰው በተፈጥሮ ታላቅ ድግስ ላይ መቀመጫ የለውም የሚል ነው። በ1806 እትም ይህን አንቀጽ አወጣው። ስለዚህ የ1798ቱን ያነበበ አያገኘውም። የመጨረሻውን የ1826 እትም ያነበበም አያገኘውም። ማልተስን የጠሉ ሰዎች ምን አንብበው እንደተቆጡ ለማወቅ 1803ን መክፈት ግድ ነው።

አዳም ስሚዝም በ1776 ያሳተመውን «የአገሮች ሀብት» የተባለ መጽሐፉን እንዳለ አልተወውም። በ1784 ሦስተኛውን እትም ሲያወጣ ብዙ ነገር ጨመረ፤ ማውጫም አበጀለት። ጭማሪውን ለብቻም አሳተመው፤ የቀደሙትን እትሞች የገዙ ሰዎች እንዳይቀርባቸው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል «የፖለቲካል ኢኮኖሚ መርሆዎች» በተባለው መጽሐፉ በ1848 ስለ ሶሻሊዝም የጻፈውና በ1852 ሦስተኛ እትሙ የጻፈው አንድ አይደለም፤ በመሃል ልቡ ወደ ሶሻሊስቶቹ ቀርቧል።

የድሮዎቹ እትሞች ፎቶም ኢንተርኔት ላይ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ሰው 1803ን ፈልጎ የሚከፍተው ልዩነት መኖሩን ካወቀ ነው። ይህን ያወቅነው እትም ከእትም እያስተያየን ስንሰበስብ ነው።

ደግሞ ስልክ ላይ ጨርሶ የሌለ ነገር አለ። በእጄ ያለው የማርክስ ካፒታል ሞስኮ የታተመ፣ በደርግ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ነው። የማንም ሰብሳቢ ዓይን የሚያርፍበት ቅጂ አይደለም። ግን ኅዳጉ በእርሳስ በተጻፈ አማርኛ ተሞልቷል። አንባቢው የትርፍ እሴትን (ሠራተኛው ከደመወዙ በላይ የሚያስገኘውን ዋጋ) ስሌት በእንግሊዝ ሽልንግ ፈንታ በብርና በኩንታል ጤፍ እየሠራ ይሞክረዋል። አንዳንድ ቦታ «ይህ ለውይይት ክበብ» ብሎ ጽፏል። አንድ ቦታ ላይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ቀጣዮቹን ገጾች ምንም ሳይጽፍ አልፏቸዋል። ያ ትውልድ ምን አነበበ፣ ምን ገባው፣ ምን ላይ ተጠራጠረ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ምስክር ነው። ፒዲኤፍ ይህን አይነግረውም።

ስለ ዋጋው ጸሐፊው የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። የስሚዝ የ1776 እትም ሁለት ትልልቅ ቅጽ ነው። ያኔ የተሸጠው በ1 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ነበር፤ ዛሬ ጨረታ ላይ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይጠራል። እዚህ አካባቢ እሱን የሚመኝ ሰው አላውቅም። የምንሰበስበው ሌላ ነው። ኤቭሪማንስ ላይብረሪ የተባለው የርካሽ መጻሕፍት ተከታታይ በ1910 ስሚዝን፣ በ1911 ሪካርዶን አትሟል። እነዚህ ትንንሽ ጥራዞች በዓለም ዙሪያ በብዛት ስለተበተኑ ዛሬም በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ዕድለኛ ሰው ያገኛቸዋል። እዚህ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህራን ቤት፣ አልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ አሉ።

ርካሽ እትም ከውዱ ያነሰ ታሪክ የለውም። ሚል በ1865 መርሆዎቹን በሕዝብ እትም ሲያሳትም፣ ሠራተኛው እንዲገዛው ብሎ ከትርፍ የሚደርሰውን ድርሻ ትቶ ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ኬንስ በ1936 «አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ፣ ተማሪ እንዲችለው ዋጋው 5 ሽልንግ ብቻ እንዲሆን አድርጓል። እነዚህ ሰዎች የጻፉት ለሀብታም መደርደሪያ አልነበረም። የእኛ ስብስብም የሄደው እነሱ በሄዱበት መንገድ ነው።

«አሮጌው ተሽሯል» ለሚለው ብዙ አልጽፍም። መልሱን ራሳቸው ኢኮኖሚስቶች ሰጥተውታል። ኬንስ ከዘመኑ ሊቃውንት ጋር ሲከራከር ወደ ኋላ ሄዶ ማልተስን ነው አጋር ያደረገው። እሱም ሆነ ወዳጁ ኢኮኖሚስቱ ፒየሮ ስራፋ አሮጌ መጽሐፍ አዳኞች ነበሩ። በ1740 ስም ሳይጻፍበት የታተመ፣ የስኮትላንዳዊውን ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩምን ፍልስፍና የሚያሳጥር አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ለረጅም ጊዜ የጻፈው አዳም ስሚዝ ነው ይባል ነበር። ኬንስና ስራፋ ግን በ1938 ቅጂውን እንደገና አሳትመው፣ ደራሲው ራሱ ሂዩም መሆኑን አሳዩ። ያች ቀጭን ወረቀት እንደ አሮጌ ዕቃ ተጥላ ቢሆን ስሕተቱ እንዳለ ይቀር ነበር። ኸርበርት ፎክስዌል የተባለው እንግሊዛዊ የኢኮኖሚክስ መምህር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው መጻሕፍት ዛሬ ለንደንና ሃርቫርድ ባሉ ሁለት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎች መነሻ ናቸው። የአንድ ሰው አመል ነው ይህን ያስገኘው።

አሁን የብራናው ነገር። እዚህ ላይ ነው ከሁሉ በላይ የምቃወመው።

ብራና የሰው ቤት መደርደሪያ ማሳመሪያ አይደለም። የመንዝ ገዳማት መጽሐፍ የሚነበበው፣ የሚቀደስበት፣ የሚሳለመው እዚያው ነው። ባለቤቱ ደብሩ ነው። «የአካባቢው ሰው ብራና ይሰብስብ» ተብሎ በአደባባይ ሲጻፍ፣ ሌሊት ዕቃ ቤት የሚሰብር ሌባ ገዢ ተገኘለት ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን አስበው እንዳልጻፉት እርግጠኛ ነኝ። ውጤቱ ግን ያው ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተከለከለ ነው፤ የተሰረቀ ብራና መንገድ ደግሞ የሚጀምረው ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዘዋወር ነው። ለብራና መልካም ማድረግ የፈለገ ሰው የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ያስጠግን፤ ቄሰ ገበዙን ምን ጎደለዎት ብሎ ይጠይቅ። መግዛት ግን በፍጹም።

«የፈረንጅ መጽሐፍ ለሸዋ ምኑ ነው» ለሚለውም ቢሆን ጃፓኖችን መመልከት በቂ ነው። የአዳም ስሚዝ የግል ቤተ መጻሕፍት ከሞተ በኋላ ሲበተን፣ ከፊሉን ጃፓናዊው ኢናዞ ኒቶቤ ገዝቶ በ1920 ለቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። በ1923ቱ ርዕደ መሬት የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል እነዚያ መጻሕፍት ተረፉ። የኦስትሪያዊው ኢኮኖሚስት የካርል ሜንገር መጻሕፍትም ዛሬ እዚያው ጃፓን፣ ሂቶሱባሺ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ጃፓን ይህን ስታደርግ ጃፓንነቷ አልቀነሰም። የእኛው የመርሐቤቴ ልጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ልዑክ መርተው ጃፓን ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል። በአገራችን የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አዘጋጅተው ያሳተሙትም እሳቸው ናቸው። የራስን መጽሐፍ መዝግቦ የሌላውንም ሄዶ ማየት ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም።

የራሳችን ክላሲክ የኢኮኖሚ መጽሐፍም አለን። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ። መጽሐፉ የታተመው ከዚያ በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። የድሬዳዋ ነጋድራስ ስለነበረ የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ድካሙን ለሌላ እንደሚገብር ጻፈ። ብዙ ምሁራን ኋላ የጥገኝነት ኢኮኖሚ ከተባለው ትንተና ቀድሞ የመጣ ሐሳብ ነው ይሉታል። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሥራዎቹን አሰባስቦ አትሟቸዋል፤ ማንበብ የሚፈልግ ያንን ያገኛል። የ1916ቱን ቅጂ ግን ስንት ሰው አይቶታል? በእኔ እምነት ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ከስሚዝም ከሪካርዶም በፊት መፈለግ ያለበት እሱን ነው። በድሮ ባላባቶች ቤት፣ በአያት ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያለው ሰው እንዲሸጠው አልጠይቅም። እያንዳንዱ ገጽ፣ ልባሱና የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ቅጠል ሳይቀር ፎቶ እንዲነሳ ቢፈቅድ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ወረድ ብሎ ደግሞ ገበያችን የተመዘገበባቸው መጻሕፍት አሉ። ከአንኮበር ቁልቁል ያለው የአልዩ አምባ ገበያ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የባሕሩን ንግድ ከደጋው ጋር ያገናኝ ነበር። ከበረሃ የመጣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠርበታል፤ በማርያ ቴሬዛ ብርም ይገበያዩበታል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 ከንጉሡ ጋር ውል ተዋውሎ፣ በ1844 ያየውን በሦስት ቅጽ አሳተመ። ሰውየው ትዕቢት አለበት፤ ሲያነቡት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስለ ገበያው የጻፈው ግን ለኢኮኖሚ ታሪካችን ይጠቅማል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1968 አዲስ አበባ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ታሪክም እዚሁ ይቀመጣል። ታዲያ የገንዘብን ምንነት ከስሚዝ ያነበበ ልጅ አሞሌውን በሌላ ዓይን አያይም? ስሚዝ ራሱ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ለመገበያያ ከተጠቀሙባቸው ነገሮች መካከል የአቢሲኒያን ጨው በስም ጠቅሶታል። መጽሐፉ ውስጥ እኛም አለንበት።

የአያያዙ ምክር ከሁሉም የባሰ ጉዳት ያደርሳል። አንባቢ ሰምቶ ዛሬውኑ ሊሠራበት ስለሚችል በዝርዝር ልናገር።

ፕላስተር አይለጠፍ። ማጣበቂያው ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆናል፤ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲነሳ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። የተቀደደ ገጽ እንደተቀደደ በንጹሕ ወረቀት መሃል ቢቀመጥ ይሻላል። አዲስ ልባስ ማስጠረዝም እንዲሁ ነው። ጠራዡ ጠርዙን ለማስተካከል ይቆርጠዋል፤ ኅዳግ ላይ የተጻፈው አብሮ ይሄዳል። የባለቤቱ ስምና ማኅተም ያለባቸውን የፊት ቅጠሎችም ይጥላቸዋል። ያ የውይይት ክበብ አንባቢዬ በመጠረዣ ማሽን አንድ ከሰዓት ውስጥ ይጠፋ ነበር።

ፌስታልም ለእኛ አየር አይሆንም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ጭጋግና እርጥበት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ ነው። ፌስታል ውስጥ የታፈነ እርጥበት መውጫ ያጣና ሻጋታ ይሆናል። የሚሻለው የካህናቱ ማኅደር ያስተማረን ነው፤ መጽሐፍን የሚሸፍን ግን የማያፍን ቤት መሥራት። እኔ አቡጀዲ ገዝቼ፣ ስታርቹ እስኪለቅ አጥቤ፣ ለየመጽሐፉ ልክ ከረጢት አሰፋለሁ። መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ ይራቅ። ኩበትና ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ አይሁን፤ ጭሱ ወረቀቱን ያደክመዋል። ጋዜጣ ገጽ መሃል አይቀመጥ፤ ቡናማ ጥላውን ይተዋል። ለማድረቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይገባም። ብራ ሲሆን በር መክፈት ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የ1700ዎቹ መጽሐፍ ከ1980ዎቹ መጽሐፍ በፊት የሚበሰብስ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ግልባጩ ነው። የድሮው ወረቀት ከጨርቅ ቅዳጅ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ከ1800ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በብዛት የመጣው የእንጨት ወረቀት ግን አሲድ ስላለበት ቢጫ ይሆናል፤ ሲታጠፍም ይሰበራል። ስለዚህ በአስቸኳይ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የሞስኮና የኩራዝ (የደርግ ዘመን አሳታሚ ድርጅት) እትሞች ናቸው። እነሱ ናቸው ሱቅ ውስጥ ቅመም መጠቅለያ ሲሆኑ የማያቸው። ከቻልኩ ባለሱቁን ሌላ ወረቀት ሰጥቼ እለውጠዋለሁ።

የኮምፒውተሩ ሐሳብ ቀረ። ትምህርት ቤቶቻችን ኮምፒውተር ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን እላይ እንዳልኩት ስብስባችን ርካሽ እትም ነው። ሁሉንም ሸጠን አንድ ደህና ላፕቶፕ መግዛታችንን እጠራጠራለሁ። ስንሸጥ ደግሞ መጻሕፍቱ አንድ ላይ አይሄዱም፤ እያንዳንዱ በየአቅጣጫው ይበተናል። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ሌላ ነገር ላቅርብ። ስልካቸውን ይዘው ይምጡ። የሪካርዶን 31ኛ ምዕራፍ፣ የማልተስን 1798፣ 1803ና 1826 ከስልኩ፣ የእርሳስ ጽሑፍ ያለበትን ካፒታል ከእኔ መደርደሪያ አውጥተን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እናሳያቸው። ኮምፒውተር የሚለግስ ሰው ከተገኘም ልጆቹ የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን የ1916 ዓ.ም. ቅጂ ፎቶ ገጽ በገጽ የሚያስገቡበት ሥራ አለ፤ ቅጂው ያለው ሰው በሩን ከከፈተልን ማለት ነው።